የገራባ ብሎኬት

ሥራዬ መስበር ነው። ሲሞን እባላለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግንባታ ዕቃዎች ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ተማሪዎች ኮንክሪትና ብሎኬት ሠርተው ያመጣሉ፤ እኔ መጭመቂያው ማሽን ውስጥ አስገብቼ እስኪሰነጠቅ እጫነዋለሁ፣ ስንት እንደቻለ አንብቤ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስሰብር ብዙ ተማሪ አይቻለሁ። የኑሀሚንን ያህል ያሯሯጠኝ ግን የለም።

ኑሀሚን እዚሁ ድሬ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። የማስተርስ ጥናቷን ስትጀምር በሌላው ዓለም የሩዝ ገለባና የተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ አቃጥለው አመዱን ከሲሚንቶ ጋር እንደሚቀላቅሉት አነበበች። ሲሚንቶ ለመሥራት ብዙ ነዳጅ ይነዳል፣ ብዙ ጭስም ይወጣል። ከመቶ አሥሩን እንኳ በአመድ መተካት ከተቻለ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ጋ ግን ሩዝም አገዳም የለም።

"እኛስ ምን አለን?" አለችኝ አንድ ቀን ላብራቶሪው በር ላይ ቆማ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ግቢው ጭር ብሏል። ድሬ በዚያ ሰዓት ጫት ላይ መሆኗን የማያውቅ የለም።

"ገራባ አለን" አልኳት ለቀልድ።

ገራባ ማለት ጫቱ ተቅሞ ሲያበቃ የሚተርፈው ነው፤ ያልተፈለገው ቅጠልና እንጨቱ። በየበረንዳው፣ በየደጁ ይቆለላል። እኔ ስቄ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ ርእሱን ጽፋ ለአማካሪዋ ለዶክተር ዓብዩ አስገባች። እሱም "መልካም ነው፤ ዕቃው እንደሆነ ከተማው ሞልቶታል" ብሎ ፈረመላት።

እውነት ነው፣ ሞልቶታል። ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቶቹም ፍየሎች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ማዳበሪያ ገራባ ለቃቅመን በሩ ላይ አስቀመጥንና ቁልፍ ልናመጣ ሄድን። ስንመለስ አራት ፍየሎች ጥናቱን እየበሉት ደረስን።

"የሰው ፍየል ራት ነጥቀን አይሆንልንም" አልኳት።

"ባለፍየሎቹን እናናግራ" አለች።

ስናጠያይቅ ዳሃቦ የምትባል ሴት ጋ መሩን። ዳሃቦ ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ ጫት ተራው ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ጫት ግን አትሸጥም፤ ገራባ ነው የምትሰበስበው። ባለጋሪ አሰማርታ ከየቤቱ ታስለቅምና ግማሹን ለፍየል አርቢዎች ታከፋፍላለች፣ ግማሹን ለራሷ ሃያ ሦስት ፍየሎች ታበላለች። ወሬዋን በአማርኛ ትጀምርና በሶማሊኛ ትጨርሰዋለች፤ መሀል ላይ ኦሮምኛ ጣል ታደርግበታለች። አንቱ የሚባለው ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ድሬ ውስጥም ለዚህ የሚቀየም ሰው አይገኝም።

"ስንት ትፈልጊያለሽ?" አለቻት።

"ስድስት መቶ ኪሎ።"

"ወላሂ! ስንት ፍየል ነው ያለሽ?"

"ፍየል የለኝም። አቃጥዬ ብሎኬት ልሠራበት ነው።"

ዳሃቦ መጀመሪያ እሷን አየቻት፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ከዚያ በሻሿ አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ እስኪያልቅ ቆመን ጠበቅን።

"ባሌ ሠላሳ ዓመት ቅሟል" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "እንግዲህ ሁለት ፎቅ በልቶ ነዋ የተቀመጠው!"

ኑሀሚንም ያኔ ሳቀች። ሁለቱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተግባቡ።

"ስሚ አባዮ፣ እህቴ" አለች ዳሃቦ። "ቅጠሉ የፍየል ነው፣ አልሰጥሽም። እንጨቱን ፍየልም አይነካው፣ እኔም የምጥልበት ቸግሮኛል። እሱን ውሰጂ። ብሎኬቱን ግን የት እንደምትሠሪው ንገሪኝ። ባላይ ማን ያምነኛል?"

"መልካ ጀብዱ፣ ዓብዱልአዚዝ የሚባል ብሎኬት አምራች ጋ።"

"ሀዬ፣ እሺ" አለችና እንጨቱን አስጫነችልን።

ማቃጠሉ እንዳሰብነው አልሆነም። ሜዳ ላይ ከምረን ብናነደው ንፋሱ ግማሹን ይዞት ሄደ፤ የቀረውም እንደ ከሰል ጠቆረ። ጥቁር አመድ በደንብ አልተቃጠለም ማለት ነው፤ ሲሚንቶ ውስጥ ሲገባ ብሎኬቱን ያፈራርሰዋል። በትክክለኛው ሙቀት፣ እኩል መቃጠል አለበት። ለዚያ የሚሆነው የላብራቶሪው ምድጃ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ድስት የሚያህል እንጨት ቢይዝ ነው። እናም ግንቦትን ሙሉ፣ ውጪው ራሱ ምድጃ በሆነበት ወር፣ እኔና ኑሀሚን በር ከፍተን እንጨት ስናስገባ፣ አመድ ስናወጣ፣ በወንፊት ስንነፋ ከረምን። ባለቤቴ ሸሚዜን ባጠበች ቁጥር "ይኼ ዳቦ ቤት መቼ ነው የሚዘጋው?" ትለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ እንደ ዱቄት የላመ፣ ግራጫ አመድ አንድ ማዳበሪያ ሞላን።

ዓብዱልአዚዝ በሃያ ዓመት ሥራው ብዙ ዓይነት ሰው አይቷል፤ አመድ ይዞ የመጣበት ሰው ግን አልነበረም። ዱቄቱን በጣቱ አሸት አደረገና ወደ ኑሀሚን ዞረ።

"እኔን ሰዎች ሲያሙኝ ሲሚንቶ ይቆጥባል ይሉኛል። አንቺ ደግሞ በግልጽ ልትቆጥቢ መጣሽ?"

"ለሽያጭ አይደለም፣ ለሙከራ ነው" አለችው።

"ለሙከራ ከሆነ ይሁን። ስሜን ብቻ አትጻፊበት።"

ስድሳ ብሎኬት አመረትን፤ አሥራ ሁለቱ ምንም አመድ የሌለባቸው፣ ሌሎቹ ከሲሚንቷቸው ከመቶ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስትና ሃያው በአመድ የተተካ። እንዳይደባለቁ ኑሀሚን በቀይ ቀለም ጎናቸው ላይ 0%፣ 5%፣ 10%፣ 15%፣ 20% እያለች ጻፈችባቸው። የዓብዱልአዚዝ ባለቤት ዚነት ጠዋትና ማታ ውሃ ልታጠጣልን ቃል ገባች።

በሰባተኛው ቀን ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት ወስጄ ሰበርኩ። አመድ የበዛባቸው በጊዜ ተንኮታኮቱ። ዶክተር ዓብዩ ወረቀቱን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ኑሀሚን ግን አልደነገጠችም። "አመድ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፤ ሃያ ስምንተኛው ቀን ይለየናል" አለች። እኛ ሙያ ውስጥ ሃያ ስምንተኛው ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነው፤ ኮንክሪት ማንነቱ የሚታወቀው ያን ዕለት ነው።

ሁለት ቀን ሲቀረው መኪና ለምነን መልካ ጀብዱ ደረስን። ግቢው ውስጥ ዜሮ የተጻፈባቸው ዘጠኝ ብሎኬቶች ብቻ ተደርድረዋል። ሌሎቹ ሠላሳ ስድስቱ የሉም።

ዓብዱልአዚዝ ሐረር ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ያን ዕለት ጠዋት ነው የተመለሰው፤ እሱም እንደኛው ክው አለ። ዚነት ግን በጣም ደስ ብሏት ወጣች።

"ሸጥኩላችሁ እኮ! አንዲት ሴትዮ መጥታ ቅናሽ ያለባቸውን ሁሉ ወሰደቻቸው።"

"የምን ቅናሽ?" አለች ኑሀሚን።

"ጽፈሽበት የለ እንዴ! በመቶ አምስት፣ በመቶ አሥር፣ በመቶ ሃያ። ዜሮ የተባሉትን ቅናሽ የላቸውም ብላ ተወቻቸው።"

ዓብዱልአዚዝ ግንባሩን በመዳፉ መታ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ወደ መኪናው ዞርኩ። ኑሀሚን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ሴትየዋ ምን ትመስላለች?" አለች ከተቀመጠችበት።

"ሱማሌ ናት። 'የኔ ገራባ የትኛው ነው?' እያለች ትስቃለች። አልገባኝም።"

እኛ ግን ገባን።

የዳሃቦ ቤት ደርሰን በሩን ስናንኳኳ የመለሰልን የፍየል ድምፅ ነው። ገባን። ከመንገድ በኩል በቆርቆሮ ብቻ ተከልሎ የነበረው በረት አሁን ግንብ አለው፤ አራት መደዳ ብሎኬት፣ እያንዳንዱ መደዳ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ከላዩ ቆርቆሮ። የኑሀሚን ቀይ ቁጥሮች ግማሾቹ ተዘቅዝቀው ይታያሉ። ሁለት ጎረቤቶች ቆመው በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ያደንቃሉ።

"መጣሽ!" አለች ዳሃቦ እጇን ዘርግታ። "እይው! ሰፈሩ በሙሉ የገራባ ግንብ ሊያይ እየመጣ ነው።"

ኑሀሚን ልታለቅስ ደርሳ ነበር፤ እንባዋን ዋጥ አድርጋ አስረዳቻት። ብሎኬቶቹ ለመሸጥ እንዳልተሠሩ፣ ከነገ ወዲያ መሰበር እንዳለባቸው፣ ያለዚያ የሦስት ወር ልፋቷ ባዶ እንደሚቀር ነገረቻት። ዳሃቦ ሰማቻት፣ ስታበቃ ፍየሎቹን አሳየቻት።

"እነሱስ? በዝናብ ጊዜ ውሃው በዚህ በኩል ነው የሚገባብኝ። ግንበኛ ጠርቼ ያስገነባሁት ለዚህ ነው።"

"እሺ፣ ቢያንስ ቦታቸውን ቀይሪ። ሃያ የተጻፈባቸውን ለምን ከታች አደረግሽ?"

"ትልቁ ቁጥር ጠንካራው አይደለም? መሠረት ላይ ጠንካራ ነው የሚገባው።"

"ዳሃቦ፣ ሃያው ደካማው ነው!"

ዳሃቦ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። "ደካማ ከሆነ ምን ያደርግልሻል? ልትወስጂብኝ ነው እንዲህ የምትዪው።"

ከዚህ በኋላ ምን ብንል የምታምነን አልሆነችም። ግማሽ ቀን ተከራክረን፣ ሻይ ጠጥተን፣ እንደገና ተከራክረን፣ በዚህ ተስማማን፤ ከላይ ካሉት ሁለት መደዳዎች፣ ከአምስቱና ከአሥሩ፣ ሦስት ሦስት እንወስዳለን፣ በምትካቸው ዜሮዎቹን እናስገባለን። ታችኞቹን ግን እንዳንነካ።

"መሠረቴን የነካ ሰው፣ ፍየሎቹን ቤቱ ድረስ አመጣለታለሁ" አለች። የምሯን ነበር።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ያለንን ሰበርን። አምስቱና አሥሩ ከዜሮው ብዙም አልራቁም፤ አሥሩ እንዲያውም በሰባተኛው ቀን ከነበረው ተነሥቶ ዜሮውን ሊደርስበት ምንም አልቀረው። ኑሀሚን ማሽኑ ፊት እጇን አጨበጨበች። የቀሩት ሁለት ረድፎች ግን፣ የአሥራ አምስቱና የሃያው፣ ወረቀቱ ላይ ባዶ ናቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ያን ቀን ከሰዓት "ቀላል ነው" አልኳት። "የሰባተኛውን ቀን ታውቂያለሽ፣ የአምስቱንና የአሥሩን አካሄድ ታውቂያለሽ። አስልተሽ ሙዪው። ማን ያውቅብሻል?"

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም።

"ሲሞን፣ ያልሰበርነውን ሰበርን እንበል?"

ማሽኑን ወደ መጥረግ ዞርኩ። ማታ ቤቴ ስገባም ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። አሥራ አንድ ዓመት ቁጥር ስጽፍ ኖሬ ያን ቃል ከአፌ ማውጣቴ አሳፈረኝ።

ዶክተር ዓብዩም "ሁለቱ ረድፎች ባዶ ሆነው እንዴት ይቀርባል?" ብሎ ነበር። "እንደገና እሠራቸዋለሁ" አለችው። የመጀመሪያው አመድ ስላለቀ እንደገና እንጨት ለቀማ ገባን። በሦስተኛው ቀን የምድጃው ማሞቂያ ሽቦ ተቃጠለ፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል ተባለ። ኑሀሚን ያን ቀን ብቻ ነው ተስፋ ስትቆርጥ ያየኋት። ቦርሳዋን አንሥታ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትለኝ ሄደች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ከሰዓት፣ ሰማዩ ከሐረር ተራሮች በኩል ጠቆረ። ድሬ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ ወደ ላይ ያያል፣ ቀጥሎ ወደ ደቻቱ ያያል፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነው ወንዝ በግማሽ ሰዓት ምን እንደሚሆን ያውቃልና። ደግነቱ የዚያን ቀን ደቻቱ ከአፋፉ አልወጣም። ዝናቡ ግን ከተማው ላይ ራሱ ወረደና መንገዱን ሁሉ ጅረት አደረገው።

የኑሀሚን ስልክ ጮኸ። ዳሃቦ ናት፤ አጠገቧ ቆሜ እንኳ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር።

"ነይ! ግድግዳሽ ሊሄድ ነው!"

ግንቡ እስከዚያ ቀን የዳሃቦ ነበር። ያን ዕለት የኑሀሚን ሆነ።

ባጃጅ ይዘን ወጣን። ባጃጁ ግማሽ መንገድ ላይ ውሃ ጠጥቶ ቆመ፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን የቀረውን በእግራችን ሄድን። ስንደርስ ውሃው በመንገዱ ሞልቶ ግንቡን እየታከከ ይወርዳል፤ የታችኛው መደዳ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። በረቱ ባዶ ነው። ዳሃቦ ሃያ ሦስቱንም ፍየሎች ሳሎን አስገብታቸዋለች፤ አንዱ ፍራሹ ላይ ወጥቶ ቴሌቪዥኑን ያያል።

ኑሀሚን እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆማ ግንቡን ስታይ ቆየች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቢወድቅ የኔ ጥፋት ነው" አለችኝ። "ደካማ መሆኑን አውቃለሁ። መሟገት ነበረብኝ።"

"ተሟግተሻል እኮ!"

"ጨርሼ አልተሟገትኩም።"

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ዝናቡ አባራ፣ ውሃው ጎደለ። ግንቡ አልወደቀም። ትንሽ ወደ ውጪ ዘመም ብሏል እንጂ ቆሟል። ኑሀሚን ተንበርክካ የታችኛውን መደዳ በአውራ ጣቷ ፈተግ ስታደርገው ፊቱ እንደ እርጥብ ቂጣ ተልጦ ወረደ። ከእሱ በላይ ያለውን፣ የአሥራ አምስቱን ነካች፤ ጥቂት አሸዋ ብቻ ረገፈ። አሥሩ ምንም አልሆነም፤ እርጥበቱ እሱ ድረስ ስለወጣ ግን እሱም ተፈትኗል። ቀስ ብላ ተነሣች። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት እየለቀቀ፣ ሌላ ነገር ሲተካበት አየሁ።

"ሲሞን፣ ሜትር አለህ?"

"ሁሌም ኪሴ ውስጥ ነው።"

እየጨለመ ሳለ ለካን። ምን ያህል እንደተላጠ፣ ውሃው እስከ የት እንደወጣ፣ እርጥበቱ ብሎኬቱ ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቀ። በማግስቱ ዶክተር ዓብዩ ራሱ መጣ። ሱሪውን ሰብስቦ ቁጢጥ አለና ብሎኬቶቹን አንድ በአንድ አየ።

"ሰው ሁሉ የሚጽፈው ስንት ክብደት እንደቻለ ነው" አለ በመጨረሻ። "ጎርፍ ውስጥ ሲቆም ምን እንደሚሆን የጻፈ ግን አላነበብኩም። ይኼ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።"

ዳሃቦ ከበሩ ላይ ሆና ትሰማለች። "አንተ ዶክተር" አለችው። "እንግዲህ ሃያው ደካማ ነው ማለት ነው?"

"ደካማ ነው።"

ወደ ኑሀሚን ዞረች። ሻሿን አስተካከለች።

"እውነትሽን ነበር፣ አባዮ። አላመንኩሽም።" ቀጥላም ወዲያው ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "በሉ፣ አሁን ውሰዱልኝ! ሁለቱንም መደዳ ጠራርጋችሁ ውሰዱ!"

ዓብዱልአዚዝ አመድ የሌለበት ብሎኬት በጋሪ ጭኖ ከግንበኛ ጋር መጣ። ግንቡ በአንድ ቀን ፈርሶ ተሠራ፤ የኑሀሚን አምስቶችና አሥሮች አሁንም ከላይ ናቸው። የወረዱትን እኔ ሰበርኳቸው፤ "ጎርፍ ከመታቸው በኋላ የተሰበሩ" ብላ ኑሀሚን በራሷ እጅ ውጤታቸው ላይ ጻፈች። የሃያ ስምንተኛው ቀን ረድፍ ላይ ያሉት ሁለት ባዶ ቦታዎች እስከ መጨረሻው ባዶ ቀሩ፤ ለምን ባዶ እንደሆኑም አንድ አንቀጽ ጻፈች።

ጥናቷን ያቀረበችው ጥቅምት ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከመምህራኑ ኋላ ዳሃቦ አዲስ የሶማሊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዓብዱልአዚዝና ዚነት ከጎኗ ተቀምጠዋል። አንድ ከውጪ የመጡ ፈታኝ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

"ደካማው ናሙና ከታች የተቀመጠበት ሳይንሳዊ ምክንያት ምንድን ነው?"

ኑሀሚን አፏን ከመክፈቷ በፊት ዳሃቦ ብድግ አለች።

"ሳይንስ የለውም። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ቁጥሩ ትልቅ ነበራ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ፈታኙም ሳቁ፤ ሲያበቁ ግን በቁም ነገር "ታዲያ ቁጥር ስንጽፍ ሰው እንዴት እንደሚያነበው ማሰብ አለብን ማለት ነው" ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ኑሀሚን አለፈች። ባዶ ስለተዋቻቸው ቦታዎች አንድ ፈታኝ እንዳያጠቃት ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ ያመሰገኗት በእሱ ነው።

ስንወጣ ዓብዱልአዚዝ ክንዷን ያዝ አድርጎ ወደ ጥላ ወሰዳት።

"ስሚ። ለገዢ አልሠራም፤ ገና ነው፣ ሰው ያማኛል። ግን ከግቢዬ በር እስከ ቤቴ ያለውን መሄጃ ላነጥፈው አስቤያለሁ። በአሥሩ ልክ የሚሆን አመድ ተርፎሻል?"

"በሁለተኛው ዙር ያቃጠልነው ጥቂት አለ። ምድጃው ተሠርቷል፤ የጎደለውን እናቃጥላለን።"

"ምንም አትጻፊበት" አላት። "ዚነት እንዳትሸጠው።"

ዚነት ከኋላ በመዳፏ ትከሻውን መታችው። በኅዳር አነጠፉት። ባለፈው ሳምንት መልካ ጀብዱ ሄጄ ተራመድኩበት፤ ጋሪ ይገባበታል፣ ውሃ ይፈስበታል፤ እስካሁን አንድም አልተሰነጠቀም።